ያልተረገጠ አሸዋ

ኤርሜሊንዳ ያለችው እንዲህ ነው። የወንዙን አፍ ተሻግራ ወደ ትንሿ ዳርቻ ስትወርድ አሸዋው አልተጠረገም ነበር። የውሻ ዱካ ነበረበት፣ የሸርጣን ዱካ ነበረበት፣ ትናንት የተጎተተ ታንኳ ያወጣው ቦይም እንዳለ ነበር። ሰው አላየችም። ጠንከር ያለውን አሸዋ መርጣ ሮጠች፣ ጥቁሩን ዐለት ተንጠላጥላ አለፈች፣ ወደ ጫካው ወጣች።

አዴሪቶ ያለው ደግሞ እንዲህ ነው። እሱ እዚያው ሲደርስ አሸዋው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠርጎ እንደ ተነጠፈ አንሶላ ነበር። የሰው እግር ቀርቶ የሸርጣን ጥፍር አላረፈበትም። ስለዚህ ከእሱ በፊት በዚያ ያለፈ ሰው የለም። እሱም ለቅዱስ ጴጥሮስ በዓል የተጠረገውን አሸዋ ላለመርገጥ ሲል ከዳርቻው በላይ ባለው ጉብታ ዞሮ፣ እሾህ እየቧጨረው አለፈ። ከኋላው የመጡት ዘጠኝ ሯጮችም የእሱን ዱካ ተከትለው በጉብታው ዞረዋል። አንድ በአንድ ስጠይቃቸው ስለ አሸዋው ሁሉም ያሉት እሱ ያለውን ነው።

ሁለቱንም ቃል በማስታወሻ ደብተሬ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። የሩጫውን መስመር ያወጣሁት እኔ ስለነበርኩ ፍርዱም የሚጠበቀው ከእኔ ነበር።

መስመሩ ከፖንታ ቡዚዮ ጸሎት ቤት ደጃፍ ይነሳል። በባሕሩ ጠረፍ ሄዶ ወንዙን፣ ትንሿን ዳርቻና ጥቁሩን ዐለት ያልፍና በተተወው የካካዎ እርሻ በኩል ጫካ ይገባል። ከዚያ ጭቃው፣ የዛፉ ሥርና ፏፏቴው አለ፤ ቁልቁል ወርዶም እዚያው ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ያልቃል። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። አንደኛ የወጣ ሰው፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ በነሐሴ ፕሪንሲፔ ደሴት ላይ በሚደረገው ትልቅ ሩጫ መንደራችንን ወክሎ ይሮጣል። የአውሮፕላኑ መቀመጫ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙን በዚያው ቀን እስከ አስር ሰዓት ደውዬ መንገር ነበረብኝ።

ኤርሜሊንዳ ዓሣ ሻጭ ናት። በየማለዳው ከታንኳ የተቀበለችውን ዓሣ በአናቷ ተሸክማ ላይ ላሉት መንደሮች ታደርሳለች። ዓሣ አይጠብቅም፤ ሩጫ የለመደችው በዚህ ነው። አምና ሁለተኛ ወጥታ ወደ ዘንቢሏ ተመለሰች። ከሳኦ ቶሜ ደሴታችን ወጥታ አታውቅም። «ሌላ ባሕር ማየት እፈልጋለሁ» ትለኝ ነበር። ባሕሩ ያው አንድ ነው ብላት «መምህር፣ አንተ ያየኸው ካርታውን ነው» ብላ ትስቅብኛለች።

አዴሪቶ የሞተር ታክሲ ነጂ ነው። ሲነሳ ቀርፋፋ ነው፤ ሽቅብ ሲሆን ግን የሚያቆመው የለም። በወንዙ አፍ ላይ ኤርሜሊንዳ በአስራ ሁለት ደቂቃ ትቀድመው ነበር፤ መጨረሻው ላይ በአራት ብቻ ቀደመችው። ጉብታው ደግሞ ቢያንስ አስር ደቂቃ በልቶበታል።

«ሂሳቡን አንተው ሥራው» አለኝ አዴሪቶ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ምስል ከታንኳ ወርዶ ጸሎት ቤት ከገባ በኋላ፣ ሕዝቡ ሁሉ ደጃፉ ላይ እንደ ቆመ። «የካካዎውን መንገድ ይዛ ነው የሄደችው። ሌላ መልስ የለውም።»

የካካዎው መንገድ ድሮ ካካዎ በጋሪ ይወርድበት የነበረ፣ ዛሬ ሳር የዋጠው መንገድ ነው። ከወንዙ አፍ ተነስቶ ዳርቻውንም ዐለቱንም ሳይነካ በቀጥታ ጫካው አፍ ያደርሳል።

«እኔን በእግር የሚቀድመኝ ሰው እናቱ ገና አልወለደችውም» አለ ደግሞ።

«በጎማ ማለትህ ነው!» አለች አንዷ ዓሣ ሻጭ። ሰው ሳቀ።

«ሳቁ፣ ሳቁ። ክንፍ አውጥታ ካልበረረች በቀር እግሯ ያረፈበት የታለ?»

ኤርሜሊንዳ አልጮኸችም። ጭቃው ገና ቅልጥሟ ላይ ነበር። «አሸዋው አልተጠረገም ነበር። ዘንድሮ ለሩጫው ሲሉ ቅዱሱን ሌላ ቦታ ያወርዱታል ብዬ ነው የሮጥኩበት» አለች።

«ሳን ፔርፔቱዋ ሳይጠርጉ ቀርተው ያውቃሉ እንዴ?» አለ አዴሪቶ።

በዚህ ጊዜ ሳቁ ቆመ። በጴጥሮስ ቀን ትንሿ ዳርቻ ፀሐይ ሳይነካት ትጠረጋለች፤ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚረግጣት ቅዱሱን የተሸከሙት ሰዎች እግር ነው። ዓሣ አጥማጆቻችን ይህ ሳይጓደል ከዋለ የዓመቱ መረብ ይሞላል ይላሉ። ይህን አሸዋ ላለፉት አርባ ዓመታት የጠረጉት ሳን ፔርፔቱዋ ናቸው፤ ሳን በእኛ ወይዘሮ ማለት ነው። ኤርሜሊንዳ እውነቷን ከሆነ ሳን ፔርፔቱዋ ሥራቸውን አልሠሩም ማለት ነው። ይህን ጮክ ብሎ ለማለት የደፈረ አልነበረም። ሳን ፔርፔቱዋ በሩ አጠገብ ስለነበሩ ጠጋ ብዬ «ሳን፣ ዛሬም እንደ ወትሮው ጠረጉ?» አልኳቸው።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ልጄ? እንደ ወትሮው ነዋ!» አሉና ሻሻቸውን ሊያስተካክሉ ፊታቸውን አዞሩ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ሩጫው እስከ አምና ድረስ በሌላ ቀን ነበር የሚደረገው። ሰው ይሰበሰባል ብዬ ወደ ጴጥሮስ ቀን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለትምህርት አምስት ዓመት ርቄ ስመለስ ማዕበሉን ለክቻለሁ፣ ዳገቱን ለክቻለሁ፣ የወንዙን ጥልቀት በእንጨት ለክቻለሁ። በካርታዬ ላይ ትንሿ ዳርቻ ስልሳ ሜትር ነበረች፤ ስልሳ ሜትር ብቻ። ማን በስንት ሰዓት እንደሚጠርጋት ግን አልጠየቅሁም።

ጫካው አፍ ላይ ቆጣሪ አድርጌ ያቆምኩት ሱን ዜፌሪኖን ነበር፤ ሱን በእኛ አቶ ማለት ነው፤ ዘንባባ ላይ ወጥተው ወይን የሚያወርዱ ሰው ናቸው። ኤርሜሊንዳ በየት በኩል እንደመጣች ያየ ሰው ካለ እሳቸው ናቸው ብዬ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ዛፍ የሚወጡበትን ገመድ እየጠገኑ አገኘኋቸው።

«ሱን ዜፌሪኖ፣ ኤርሜሊንዳ በየት በኩል መጣች?»

«ከታች።»

«ሁሉም የሚመጣው ከታች ነው። በዐለቱ በኩል ነው ወይስ በካካዎው መንገድ?»

«መምህር፣ እኔ እኮ ዛፍ ላይ ነበርኩ።»

«መሬት ላይ ቆመው እንዲቆጥሩ ነበር የለመንኩዎት!»

«ወይን በጠዋት ካልወረደ ይኮመጥጣል። ሩጫ አይኮመጥጥም።»

«እሺ፣ ከዛፍ ላይ ደግሞ ይበልጥ አይታይም?»

«ከላይ የሚታየው አናት ነው። አናት በየት በኩል እንደመጣ አይናገርም።» ገመዱን ወጠር አድርገው ፈተሹት። «ደህና አደሩ አለችኝ፣ ደህና አደርሽ አልኳት። ሌባ ሰላም ይላል?»

«ሊል ይችላል፣ ሱን።»

«እንግዲያው ትምህርትህ ሰው መጠርጠር ነው ያስተማረህ።»

ከእሳቸው ወጥቼ ወደ ትንሿ ዳርቻ ወረድኩ። ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰማዩ እንደ ሰኔ ወጉ ደመናማና ቀዝቃዛ ነው፣ ባሕሩ ግራጫ ነው። መንደሩ በሙሉ ቅዱሱን ሲያጅብ ረግጦት ስላለፈ አሸዋው ላይ የሚነበብ ነገር አልቀረም። ከተገለበጠ ታንኳ ላይ ተቀመጥኩና ደብተሬን ከፈትኩ። ኤርሜሊንዳን አውቃታለሁ፤ አዴሪቶንም አውቀዋለሁ። እሱ ይፎክራል እንጂ አይዋሽም። አንዱን መርጬ ሌላውን ውሸታም ማድረግ ነበረብኝ፤ ሆዴ ግን አንዱንም አልመርጥ አለኝ። እንዲያውም ስልኬን አጥፍቼ አስር ሰዓት ዝም ብሎ እንዲያልፍ ብተወውስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ያኔ የሚቀጡት ግን ሁለቱም ናቸው፤ ፕሪንሲፔ የሚሄድ አይኖርም።

ሁለቱን ቃል ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳቸው። አራተኛው ላይ ይሁን አምስተኛው ላይ፣ አንድ ትንሽ ሸርጣን ከእግሬ ሥር ከጉድጓዷ ብቅ ብላ፣ አይታኝ፣ በጎኗ ሮጣ ገባች። ዱካዋ እንደ ስፌት ቀረ። ደብተሩን ዘግቼ ተነሳሁ።

አዴሪቶ ሞተሩን ጥላ ሥር አቁሞ የተጠበሰ ሙዝ በዓሣ ይበላል። ክንዱ በእሾህ ተዥጎርጉሯል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አልኩት። «አሸዋው ላይ የሸርጣን ዱካ አልነበረም ብለሃል። እርግጠኛ ነህ?»

«በጴጥሮስ ስም! አንዲት እንኳ አልነበረችም። አንሶላ ነው ያልኩህ።»

«ሸርጣን መቼ ነው የሚርመሰመሰው?»

«ንጋት ላይ ነዋ። አንተ የት አገር ነው ያደግኸው?»

«አንተ እዚያ የደረስከው አንድ ሰዓት ከሃምሳ ከምናምን ላይ ነው። ጎህ ሳይቀድ በተጠረገ አሸዋ ላይ እስከዚያ ድረስ ስንት ሸርጣን ይመላለስበታል?»

ማኘኩን አቆመ። ሙዙን ወደ ሳህኑ መለሰ። ነገሩ በፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ አየሁት፤ መጀመሪያ ግንባሩ ተኮማተረ፣ ቀጥሎ አፉ ተከፈተ።

«ገና መጠረጉ ነበር» አለ።

«ገና መጠረጉ ነበር።»

«ታዲያ እሷ...» ጨርሶ አላለውም። እጁን በሱሪው ጠረገና የሞተሩን ወንበር መታ መታ አደረገ። «ውጣ። እንሂድ።»

ሊክደኝ ይችል ነበር። «አንድ ሁለት ዱካ ሳይኖር አይቀርም» ቢለኝ ኖሮ የያዝኩት ነገር ሁሉ ከእጄ ይወጣ ነበር። ከኋላው ተቀምጬ ስሄድ ይህን እያሰብኩ ነበር። እሱ እንኳ ያሰበው አይመስለኝም።

ሳን ፔርፔቱዋ ደጃፋቸው ላይ እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ከዘንባባ ዝንጣፊ የተሠራው ረጅም መጥረጊያ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። እኔንና አዴሪቶን አብረን ሲያዩን ረጅም ትንፋሽ አወጡ።

«ተቀመጡ» አሉ። «እስክትመጡ ብጠብቅ ብጠብቅ ቀራችሁ።»

«ሳን፣ አሸዋውን የጠረጉት ኤርሜሊንዳ ካለፈች በኋላ ነው አይደል?» አልኩ።

«ንጋት ላይ ወርጄ ነበር። መጥረጊያዬን ይዤ፣ እንደ ወትሮው» አሉ። «ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። አንተ በድምፅ ማጉያ ሩጫው በትንሿ ዳርቻ ያልፋል ስትል ሰምቻለሁ። አሁን ብጠርገው ይረግጡታል። ስለዚህ ከታንኳው ጀርባ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ልጅቷ መጣች፣ እንደ ዓሣ ብልጭ ብላ አለፈች። አለቀ አልኩ፤ ጠረግኩት፤ ወደ ጸሎት ቤት ወጣሁ።»

«ሌሎቻችንስ?» አለ አዴሪቶ።

«የትኞቹ ሌሎች?»

«ከኋላ የመጣነው እኛ ነን እንጂ! አስር ሰዎች ነን!»

«ሩጫ ማለት አንደኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ አይደለም? አንደኛዋ አለፈች። እናንተ ከዚያ በኋላ ምን ልትሆኑ ትሮጣላችሁ?»

አዴሪቶ ወደ እኔ ዞረ። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት እኔ ነኝና መልሱን ከእኔ ጠበቀ። እኔ መጥረጊያውን አየሁ።

«ስልሳ ሜትር በአስር ደቂቃ ጠረጉት?» አላቸው አዴሪቶ።

«አርባ ዓመት የጠረገ እጅ ነው፣ ልጄ።»

«መወዳደር የነበረብዎ እርስዎ ነበሩ!»

ፈገግ ሊሉ ሲሉ ተዉት። «ፀሐይ ግን ነክቶት ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ይህን ቢሰማ፣ ዘንድሮ መረቡ ባዶውን በወጣ ቁጥር ዓይኑ ወደ እኔ ነው። ለዚህ ነው እንደ ወትሮው ያልኩህ። በአርባ ዓመት አንድ ጊዜ።»

«ዝም ካሉ ኤርሜሊንዳ ትቀራለች፣ ሳን» አልኩ።

«አውቃለሁ። ከረፋድ ጀምሮ አፌ ላይ ያለውን ዓሣ እንኳ መዋጥ አቃተኝ።» እግራቸውን ከውሃው አወጡ። «መጥረጊያውን አቀብለኝ። እኔው ራሴ እናገራለሁ፤ አንተ ከተናገርክ አሳበቀባቸው ይሉሃል።»

አዴሪቶ ሞተሩ ላይ እንዲቀመጡ ለመናቸው። «በጴጥሮስ ቀን ሰይጣን ላይ አልቀመጥም» አሉ። ስለዚህ መጥረጊያቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ፤ እኔ በአንድ ጎናቸው፣ አዴሪቶ ሞተሩን እየገፋ በሌላው ጎናቸው። ሰዓቴን እያየሁ ሄድኩ። ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ለአስር ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ኤርሜሊንዳ ግንቡ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፣ ዘንቢሏ አጠገቧ። ሳን ፔርፔቱዋ መሀል ቆሙና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩ፤ ታንኳውን፣ መጠበቃቸውን፣ ፀሐዩንም። ሲጨርሱ ዓሣ አጥማጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። 

«ጴጥሮስ ራሱ» አሉ ሱን ዜፌሪኖ ከወደ ኋላ፣ «ዶሮ ከጮኸ በኋላ ነው እኮ ጥፋቱ የገባው። የዘገየን ሰው እሱ ካልተረዳ ማን ሊረዳ ነው?»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ከዓሣ አጥማጆቹ ትልቁ ቀርቦ መጥረጊያውን ከእጃቸው ተቀበላቸውና «ከዓሣው ጋር እኛ እንነጋገራለን፣ ሳን። አሁን ይቀመጡ» አላቸው። ሳን ፔርፔቱዋም ተቀምጠው፣ ምግብ ይምጣልኝ አሉ።  ማንም አልዋሸም ነበር፤ ማለት፣ አንድ ቃል ብቻ ተዋሽቶ ነበር፤ እሱም «እንደ ወትሮው» የሚለው ነው፤ ያሉት ሰው ራሳቸው መልሰው አነሱት። ገጹ ላይ ጎን ለጎን የጻፍኳቸው ሁለት ቃሎች ሁለቱም እውነት ነበሩ።

አዴሪቶ ወደ ኤርሜሊንዳ ሄደ። «ሌባ አላልኩሽም» አለ። «ለማለት ግን ትንሽ ነበር የቀረኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ብለኸኛል እንጂ» አለች። «የካካዎ መንገድ ይዛ ሄደች ማለት ምን ማለት ነው? ግን ይሁን። ይቅር ብያለሁ።»

«ደግ ነሽ። አሁን ደግሞ ስሚኝ፣ መምህርም ስማኝ።» ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ጉብታው አስር ደቂቃ በልቶብኛል። የበላብኝ ቅዱሱን ሳከብር ነው። በአራት ደቂቃ ነው የተቀደምኩት። ነገ ጠዋት ከወንዙ አፍ ተነስተን፣ እሷ አስራ ሁለት ደቂቃ ቀድማ ትነሳ፣ እኔ ልከተላት። ያኔ ይለያል።»

ብዙ ሰው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ብሆን ሐሳቡ ፍርድ የጎደለው አልመሰለኝም። ደንቡ ቀድሞ የደረሰ አሸናፊ ነው ይላል፤ ግን ሰውየው አስሩን ደቂቃ ያጣው እኔ ሳልጠይቅ ባወጣሁት መስመር ነው። ከፈለጉ ለፕሪንሲፔዎቹ ደውዬ አንድ ቀን እንዲጨምሩልን ልለምናቸው እችል ነበር። ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ለአስር ሰዓት ሰባት ደቂቃ ቀርቶታል።

«ኤርሜሊንዳ፣ በደንቡ ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። «ይደገም ካልሽ ይደገማል። የምትወስኚው አንቺ ነሽ።»

ዓሣ ሻጮቹ እሺ በይው፣ ደግመሽ ቅበሪው እያሉ ጮኹ። አዴሪቶ ክንዱን አጣጥፎ ጠበቀ። እሷ ተነሳች፣ ቅልጥሟ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ ፈቅፍቃ አራገፈች።

«አዴሪቶ፣ አሸዋውን ስላልረገጥከው አከብርሃለሁ። እኔም ተጠርጎ ባገኘው እንዳንተው እዞር ነበር» አለች። «ግን ያገኘሁትን መንገድ ሮጫለሁ፤ ሙሉውን፣ አንድም እርምጃ ሳልሰርቅ። ዛሬ ግማሽ ቀን ሌባ ሆኜ ውያለሁ። ነገ ደግሞ ሌባ አለመሆኔን ላሳይ ብዬ አልሮጥም። አልደግመውም። ደውል፣ መምህር፤ ፕሪንሲፔ የምሄደው እኔ ነኝ።»